ለምዷል ያልኩበት ቀን

ነጌሌ ቦረና በነርስነት የሠራሁባቸውን ስድስት ዓመታት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴቴ ነው። ፀሐዩም፣ ቀዩ አቧራም፣ የውሃ እጥረቱም ከእሱ በኋላ ነው የሚከተሉት። ጊዜው ሃምሳዎቹ ሊያልቁ የተቃረቡበት ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከነርስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ደሴ ያሉት ወላጆቼ የት እንደተላክሁ ለጎረቤት ማስረዳት ሲያቅታቸው “ከኬንያ ትንሽ ወዲህ” ይሉ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ የሚሰለፈው ሰው ሁሉ የሚፈልገው መርፌ ነው። ክኒን የሰጠሁት ሰው፣ ድግስ ተጠርቶ ሄዶ ውሃ ብቻ እንደቀረበለት እንግዳ ያኮርፈኛል። “ሲስተር፣ ይሄንን ለልጅ ስጪው” የሚለኝም ነበር። ፔኒሲሊን ይወጋል ከተባለ ግን ገና ስሙ ሳይጠራ ቀበቶውን የሚፈታ ሽማግሌ አይቻለሁ። ፔኒሲሊን ያልተወጋ በሽተኛ እንደታከመ አይቆጠርም። ያለ ቦታው ሲወጋ ምን እንደሚያመጣ ስናገር ደግሞ መድኃኒት የምሰስት ይመስላቸዋል።

ይባስ ብሎ ከብት ገበያው አጠገብ አንድ መርፌ ወጊ ነበር። የት እንደተማረ የሚያውቅ የለም። አንዱን የፔኒሲሊን ጠርሙስ ለሁለት ሰው፣ አንዳንድ ቀንም ለሰውና ለግመል ያካፍለዋል። የተወጋው ሰው ትንሽ ቀለል ሲለው በማግሥቱ አይመለስም፤ እሱም አይጠራውም። የዚህ ሁሉ ውጤት ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ይመጣል። ቀደም ሲል በሦስት ቀን መርፌ ይደርቅ ነበር የሚባለው እባጭ፣ እኔ ሳምንት ሙሉ ወግቼው መግሉን አያቆምም። ጀርም በትንሽ በትንሹ ሲነካካ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ከለመደ በኋላ ጠርሙሱን ሙሉ ብትሰጡትም ደንታ አይሰጠውም። ይህንን በር ላይ ቆሜ ስለፈልፍ ከርሜያለሁ፤ ከተማው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል። ያንን መርፌ ወጊ በመንገድ ባየሁት ቁጥር ቆሽቴ ያርራል።

አስተርጓሚው የመጡብኝ በዚህ ንዴት መሀል ነው።

የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ። እዚያው ተወልደው ያደጉ፣ ሃምሳን ገና ያለፉ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ሁለት እጃቸው የሚያዙ ሰው። ዳኛ ተቆጥቶ የተናገረውን ለባላገሩ ሲያደርሱ ቁጣውን አስቀርተው ቃሉን ብቻ ያደርሳሉ፤ ባላገሩም ተናዶ ሲመልስ ስድቡን ያወርዱለታል ይባል ነበር። አንድ ቀን እውነት እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ “ሲስተር፣ ሁሉን ካስተረጎምኩማ ማን በሰላም ቤቱ ይገባል?” ብለው ሳቁብኝ። ሰውየውን እወዳቸው ነበር። እንደኔ ያለ ቁጡ ሰው እንደሳቸው ያለውን ሰው ካልወደደ ማንን ይወዳል?

አስም ነበረባቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄደው አንድ ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚወሰድ ኮርቲዞን የሚባል ክኒን አዞላቸው ነበር። ትንፋሻቸው ተከፈተ። ትንፋሹ ተከፍቶለት ክኒኑን በቃኝ የሚል ሰው አላውቅም፤ እሳቸውም አላሉም። ከሻኪሶ በኩል በሚመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች እያስመጡ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጡት። ፊታቸው እንደ ሙልሙል ክብ ሆነ፣ ሆዳቸው ገፋ። ከተማው “ተመችቷቸዋል፣ ተሾሙ እንዴ?” እያለ ያደንቃቸው ነበር። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ መጀመሪያ ሳያቸው ኑሮ የተስማማው ሰው ነው ያልኩት።

ሲመጡ ያስላቸዋል፣ ያተኩሳቸዋል፣ ደረታቸው ጎን ላይ የእንቁላል ያህል እብጠት አለ። “ገበያው ጋ ተወግቼ ነበር፤ ሦስት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ” አሉኝ እንደ ቀልድ። ደሜ ፈላ። እብጠቱን ከፍቼ መግሉን አወጣሁ፤ ፔኒሲሊን በሙሉ መጠን ዐሥር ቀን ወጋኋቸው። ምንም። አክታቸው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ አልተገኘበትም፤ ቢሆንም ሌላ የምይዘው ነገር ስላልነበረኝ ስትሬፕቶማይሲን ጀመርኩላቸው። ትኩሳቱ ባለበት አለ። ሳሉ ደም መቀላቀል ጀመረ። ክብ የነበረው ፊታቸው ክብ እንደሆነ እጃቸውና እግራቸው ግን ሰለለ።

በየሁለት ወሩ ሊጎበኘን የሚመጣ አንድ ሐኪም ነበር። ሲያያቸው መጀመሪያ የጠየቀው የሚውጡትን ሁሉ እንዲያሳዩት ነው። ኮርቲዞኑን ከኪሳቸው አወጡ። ሐኪሙ ክኒኑን በመዳፉ ይዞ ለእኔ በእርጋታ አስረዳኝ። ይህ ክኒን ትንፋሹን ሲከፍት የሰውነትን ዘበኛ ያስተኛል፤ ዘበኛው ሲተኛ ጤነኛ ሰው ደጅ የማይደርስ ጀርም ሰተት ብሎ ይገባል። በአንድ ጊዜም አይቆምም፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ከቁስሉ መግል በጠርሙስ ወስደን አዲስ አበባ ወደ ላቦራቶሪ እንድንልክ አዘዘ።

የላክነው የመጀመሪያው ጠርሙስ በጭነት መኪና ሄደ። ሾፌሩ ሻኪሶ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት አራት ቀን ሲያድር ጠርሙሱን ሞተሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ውስጥ አላወጣውም። ከላቦራቶሪው “ናሙናው ተበላሽቷል፣ እንደገና ይላክ” የሚል መስመር ተኩል መልስ መጣ። እንደገና ላክሁ፤ በአውሮፕላን፣ በጥጥ ጠቅልዬ፣ ራሴ ሜዳው ድረስ ሄጄ ለአብራሪው በእጁ ሰጥቼ። ከዚያ አምስት ሳምንት ጠበቅን። አስተርጓሚው በየማክሰኞው፣ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ፣ በትር ተደግፈው ይመጡና ከክሊኒኩ ግድግዳ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። “አልመጣም?” አይሉኝም። “አካም፣ ሲስተር፣ ናጋ?” ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሰላም ነው ወይ ለሚለው ሰላምታ “የለም” ብዬ የመለስኩ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ደብዳቤው የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ አንድ ገጽ። ጀርሙ አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ብዙም የማያጋጥም፣ የሚይዘውም በአብዛኛው ሰውነቱ የተዳከመን ሰው እንደሆነ ይላል። ፔኒሲሊንም ስትሬፕቶማይሲንም አይነካውም። የሚሰጠው ሰልፋ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ሳያቋርጥ።

ሰልፋ! ያ ማንም የማይፈልገው፣ “ለልጅ ስጪው” የሚባለው ነጭ ክኒን። በትልቅ ቆርቆሮ ሞልቶ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል፤ ለተቅማጥ ነበር የምናድለው። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ እኚህ ሰው ከዚያ ቆርቆሮ አምስት እርምጃ ርቀው ነበር የሚቀመጡት። መደርደሪያውን በእርግጫ ብመታው ደስ ባለኝ። በመጨረሻ የመታሁት ግን የራሴን ጭን ነው።

አስተርጓሚውን ከነባለቤታቸው አስጠራሁ። ባለቤታቸው ከእሳቸው በብዙ ዓመት የምታንስ፣ ከነጌሌ ወጣ ብሎ ካለው የከብት አገር የመጣች ሴት ነበረች። ከእኔ በጥቂት ዓመት ብቻ ስለምትበልጠኝ አንቺ ተባብለናል። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ለመግዛትና ለመሸጥ ይበቃታል። ሌላውን እሳቸው ያስተረጉሙላታል።

ደብዳቤውን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። የምነግራቸው ነገር ቀላል ነበር፤ መርፌው አይሠራም፣ ይህን ክኒን ስድስት ወር ዋጡ፣ ውሃ በብዛት ጠጡ። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ያ መርፌ ወጊ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው። ግማሽ ግማሽ የወጋው እጁ ታየኝ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

“አዩ አይደል? በሽታው መድኃኒቱን ለምዷል! በግማሽ መርፌ፣ በግማሽ መርፌ ለምዷል። ስንት ጊዜ ተናገርኩ!”

አስተርጓሚው ወደ ባለቤታቸው ዞረው በኦሮምኛ አጠር አድርገው ነገሯት። ፊቷ በራ። እጄን ይዛ ሳመችኝ። እኔ ጅሏ፣ መድኃኒት ስለተገኘ ደስ ብሏት ነው አልኩ። ክኒኑን ቆጥሬ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ በቀን አራት ጊዜ መሆኑን በጣቴ አሳይቼ፣ ስድስት ወር መሆኑንም ለእሳቸው በአማርኛ ነግሬ ሰጠኋት። ውሃውን በተመለከተ፣ በዚያ በጋ በአህያ የሚመጣ ውሃ በወረፋ በሚቀዳበት ከተማ “በብዛት ጠጡ” ማለቴ ራሱ ያሳፍረኝ ነበር። ቢሆንም ጠጡ። ባለቤታቸው የራሷን ድርሻ እንደምትሰጣቸው ሰምቻለሁ።

በሁለት ሳምንት ትኩሳቱ ወረደ። በወር ሳሉ ከደም ጠራ። ቁስሉ ከዳርና ከዳር መግጠም ጀመረ። የእኔ ደስታ፣ መቼም ደስ ሲለኝም የምቆጣ ነኝ፣ ሰውን ሁሉ “አያችሁ ክኒን?” እያልኩ መነታረክ ሆነ። ከዚያ አስተርጓሚው መምጣት አቆሙ። ብጠይቅ፣ በፊልቱ መንገድ ዘመዶቻቸው ጋ ወተት ሊጠጡ ወጥተዋል፣ ድነዋል አሉኝ። የአንድ ወር ክኒን ይዘው እንደሄዱ አውቃለሁ። ወሩ ሲያልቅ ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተመለሱም። ሰው ላኩ ብዬ ለመንኩ፤ የሚሄድ መኪና ጠፋ፣ ሰውም “ዳኑ አይደል እንዴ፣ ምን ያደርጉልሻል?” አለኝ።

ከሄዱ በሦስተኛው ወር፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከፊልቱ የተመለሰ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመ። አስተርጓሚውን በአንሶላ ይዘው አወረዷቸው። ቀኝ እጃቸው ተንጠልጥሏል፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። ጀርሙ ከሳንባ ተነሥቶ ጭንቅላታቸው ገብቷል። ሐኪሙ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቆኝ ነበር።

“እንደምን ዋሉ? አንቱ፣ ያውቁኛል?” አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ አፌን ማየት ጀመሩ። የማያውቀውን ቋንቋ የሚሰማ ሰው እንደሚያደርገው ከንፈሬን ይከተሉታል። “ናጋ” አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። ሌላ ቃል በኦሮምኛ ተናገሩ፤ አልገባኝም። አማርኛው ጠፍቷቸዋል። ለከተማው ሁሉ አፍ የነበሩት ሰው እኔን የሚያናግሩበት አስተርጓሚ አጡ። አንጀቴን በላው፤ ግን የማውቀው ማዘን ወዲያው ወደ ቁጣ የሚዞር ዓይነት ነው። ወደ ባለቤታቸው ዞርኩባት።

“መድኃኒቱን ለምን አቋረጣችሁ? ስድስት ወር አላልኩም? ምን አድርጌ ልንገራችሁ?”

አላለቀሰችም። ግራ ገብቷት አየችኝ።

“አንቺ ለመደ አልሽ” አለችኝ። “እሱ ነግሮኛል። ሲስተር በሽታው ‘ባሬ’ አለች አለኝ። እኛ ጋ ጥጃ ባሬ፣ ግመል ባሬ ይባላል። ከለመደ አይራገጥም፣ ሰው አይጎዳም። ሳል ተወ፣ ደም ተወ። እውነትሽን ነው፣ ለመደ አልን። ክኒኑ ሲያልቅ፣ የለመደውን ነገር ለምን እናስቆጣው ብለን ተውን።”

በኦሮምኛ ብቻ ቢሆን የቋንቋ ነገር ነው ብዬ እገላገል ነበር። በገዛ አማርኛዬስ የለመደ በሬ፣ የለመደ ፈረስ አንልም እንዴ? እኔ ነርስ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን የቃሉን ሌላ ትርጉም ይዤ ወጣሁ፤ እሷ እናቷ ያስተማረቻትን ይዛ ቀረች። እሳቸውስ? ያ ሁሉ ዓመት ችሎት የቆሙ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ አልገባቸው ይሆን? ወይስ እንደ ዳኛው ቁጣ የእኔንም ቁጣ አስቀርተው፣ ሚስታቸው እንዳትደነግጥ የሚያምረውን ብቻ ሰጧት? እጠይቃቸው ዘንድ ፊታቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው አሁንም ከንፈሬን ያያሉ።

ደብዳቤውን ከፋይሉ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ለመደ የሚል ነገር የለበትም። ጀርሙን ፔኒሲሊን አይነካውም ነው የሚለው፤ ከመጀመሪያውም ነክቶት አያውቅም፣ ተፈጥሮው ነው። መርፌ ወጊው በዚህ ከተማ የብዙ ሰው እባጭ አለማምዷል፤ ይህን ግን እሱ አላለማመደውም። ግማሽ መርፌ ቢሆን፣ ሙሉ ቢሆን፣ መቶ ቢሆን ለዚህ ጀርም ያው ነበር። “ለምዷል” የሚለውን ቃል ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያመጣሁትም በሽተኛዬን ለማስረዳት ሳይሆን ሌላ ሰው ለመክሰስ ነው። ይህን ሳውቅ ፊቴን የማሳርፍበት አጣሁ።

ሐኪሙ በሬድዮ መልእክት አዲስ አበባ እንድልካቸው ነገረኝ፤ ማክሰኞ በአውሮፕላን ቦታ ተገኘ። እስከዚያው ሰልፋውን ፈጭቼ በውሃ በጥብጬ በማንኪያ አጠጣኋቸው። ለሆስፒታሉ የሚላክ ወረቀት መሙላት ነበረብኝ። የበሽታው ታሪክ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ መጠኑ። ከታች አንድ መስመር አለ፤ ሕክምናው ተቋርጦ ከሆነ ምክንያቱ ይገለጽ ይላል።

እዚያ መስመር ላይ ብዙ ቆየሁ። ሦስት ቀለም ያለው እውነት እንዴት ተደርጎ በአንድ መስመር ይጻፋል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ሐሰት ነው። በአንድ መስመር ይጻፍ ነበር፤ “ነርሷ በትክክል ስላላስረዳች” ማለት ብቻ ነበር። “በሽተኛው በራሱ ፈቃድ አቋርጧል” ብዬ ጻፍኩ። ማኅተም አደረግሁበት።

አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ ባለቤታቸው ወረቀቱን ተቀብላ ገለበጠችው። ማንበብ አትችልም።

“ምን ጻፍሽ? እዚያ ሲጠይቁኝ እንዳልሳሳት” አለችኝ።

“ሁሉንም ጽፌዋለሁ፤ ወረቀቱን ብቻ ስጪያቸው” አልኳት።

“ገላቶሚ” ብላ አመስግና በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። ብቻዋን ተመልሳ የመጣችው ከአንድ ወር በኋላ ነው። እሳቸውን እዚያው ቀብራለች። ልቅሶ ከመቀመጧ በፊት፣ ከአውሮፕላኑ ሜዳ በቀጥታ ወደ እኔ ነበር የመጣችው። ከክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩ።

“እዚያ ሐኪሙ ተቆጣኝ” አለች። “ወረቀቱን አየና ተቆጣ። ባልሽ መድኃኒት ትቶ ራሱን ገደለ አለኝ። አይደለም፣ ሲስተር ለመደ ስላለች ነው ልለው ፈለግሁ። አማርኛ አጠረኝ። አንዱ ቃል ይመጣል፣ ሌላው ይጠፋል። ባሌ ደግሞ ተኝቶ ያየኛል፣ አይረዳኝም።” ወደ እኔ ዞረች። ቁጣ የለባትም፤ ያልገባትን ነገር ነው የምትጠይቀኝ። “ያ ነገር ወረቀቱ ላይ ነበር አይደል? ሁሉንም ጽፌዋለሁ ብለሽኝ አልነበረም?”

“ምናልባት እስከ መጨረሻው አላነበበው ይሆናል” አልኳት።